ዝይ በር ላይ ስትታቀፍ

ቦታው ሰሜን ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ካውንቲ ነው፤ መስታወት የለበሱ የቢሮ ሕንፃዎች፣ አጭር የታጨደ ሣርና የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ኩሬ ያለበት ግቢ። ጊዜው ኤፕሪል ሲጀምር፣ ዐቢይ ጾም ሳይፈታ። አንደኛው ተናጋሪ ዕድሜያቸውን በየግቢው ሣር ሲያጭዱና አበባ ሲተክሉ የኖሩ አትክልተኛ ናቸው፤ ሁለተኛዋ በር ላይ የምትሠራ የጥበቃ ሠራተኛ። ሁለቱን ያገናኘኋቸው እኔ ጸሐፊው ነኝ። ጉዳዩ ግን በዋሽንግተን ዙሪያ በጥበቃ፣ በፓርኪንግና ምግብ በማድረስ ሥራ የሚተዳደሩ ብዙ ወገኖቻችን በየዓመቱ በዚህ ወቅት የሚገጥማቸው ነው፤ ደጋግሞ ሊወራበትም ይገባል እላለሁ።

ጥበቃዋ፦ ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? ዛሬስ በምሥራቁ በር መግባት አቃተኝ። ገና ከመኪና ስወርድ አውራው ዝይ አየኝ፤ ከዚያ በኋላ ዓይኑን አልነቀለም። ትንሽ ጠጋ ስል ክንፉን ዘርግቶ መጣብኝ። ዞሬ በጓሮ በር ገባሁ። ትናንት ደግሞ ምግብ የሚያደርሰው ልጅ ከሱ ሲሸሽ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ አደናቀፈውና በጉልበቱ ወደቀ።

አትክልተኛው፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ። ልጁን ነክቶታል ወይስ ሲሮጥ ነው የወደቀው?

ጥበቃዋ፦ አልነካውም። ሲሮጥ ነው።

አትክልተኛው፦ ሰው የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ እንደዚያ ነው። ወፉ አይመታም ማለቴ አይደለም። በክንፉ መታጠፊያ ላይ ጠንካራ አጥንት አለው፣ ካሳረፈብሽ ያማል። አምስት ኪሎ ገደማ የሚመዝን ወፍ እየበረረ ሲመጣም ያስደነግጣል። እጅና እግር የሚሰበረው ግን አስፋልቱ ላይ ነው፤ ወደ ኋላ እያዩ ሲሮጡ፣ ከደረጃ ሲዘሉ። ጎጆው የት ነው?

ጥበቃዋ፦ ከበሩ ጎን፣ የሲሚንቶው የአበባ መትከያ ውስጥ። ክረምቱን ሙሉ አፈሩን ብቻ ይዞ የቆመው። ሳልፍ አንገቷን አፈሩ ላይ ዘርግታ ልጥፍ ትላለች፤ ካላስተዋሏት አትታይም።

አትክልተኛው፦ እንግዲያው ታቅፋለች። እንቁላል እየጣለች ቢሆን ኖሮ ሁልጊዜ እዚያ አታገኛትም ነበር፤ ሁሉንም ጥላ ስትጨርስ ነው መታቀፍ የምትጀምረው። አራትም፣ አምስትም፣ ሰባትም ልትጥል ትችላለች። አንዴ ከታቀፈች ከ25 እስከ 28 ቀን ነው። የምትነሣው ለጥቂት ጊዜ ውሃ ልትጠጣ፣ ልትታጠብ፣ ሣር ልትቀነጣጥብ ብቻ ነው፤ ስትነሣም ከደረቷ በነጨችው ለስላሳ ላባ እንቁላሉን ሸፍና ነው የምትሄደው። አውራው አይታቀፍም። የሱ ሥራ ጥበቃ ነው።

ጥበቃዋ፦ እሱን ሥራ አውቀዋለሁ።

አትክልተኛው፦ ታዲያ ከማንም በላይ አንቺ ልትረጂው ትችያለሽ። አንቺ የምትቆሚበት ቦታ አለሽ፣ የምትዞሪበት መስመር አለሽ፣ ሰው የት ሲደርስ ጠጋ ብለሽ እንደምትጠይቂው ታውቂያለሽ። እሱም እንደዚያው ነው። ጎጆው ላይ አይቆምም፤ ጎጆውንም ውሃውንም ባንድ ጊዜ ከሚያይበት ቦታ ላይ ነው የሚቆመው። ስለዚህ መጀመሪያ መፈለግ ያለበት እሱ የሚቆምበት ነው። ሰው ከጎጆው ራቅሁ ብሎ ሳያውቀው በሱ ላይ ይሄዳል።

ጥበቃዋ፦ እውነትዎን ነው። የሚቆመው ለአካል ጉዳተኞች ከተከለለው ፓርኪንግ አጠገብ፣ ከመብራቱ ምሰሶ ሥር ነው። ሰውም ከአበባ መትከያው ለመራቅ ብሎ በዚያው በኩል ነው የሚመጣው።

አትክልተኛው፦ አየሽ? በሁለቱ መካከል እየገቡ ነው ማለት ነው። ከሁሉ የሚያስቆጣው እሱ ነው። ቀጥሎ የሚያስቆጣው ደግሞ በጎጆውና በኩሬው መካከል መቆም።

ጥበቃዋ፦ መቼ እንደሚመጣብኝ በምን አውቃለሁ? ዝም ብሎ የቆመ ይመስለኝና ድንገት ይነሣል።

አትክልተኛው፦ ድንገት አይነሣም። አስቀድሞ ብዙ ነገር ይናገራል፣ ሰው ስልኩን እያየ ስለሚያልፍ ነው የማይሰማው። መጀመሪያ አንገቱን ቀጥ አድርጎ ያይሻል። ያኔ ብትቆሚና መንገድ ብትቀይሪ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ቀጥሎ ራሱን ከፍ ዝቅ እያደረገ ይጮሃል። ከዚያ አንገቱን ወደ መሬት አውርዶ ወደ አንቺ ይዘረጋዋል፤ አፉ ይከፈታል፣ ምላሱ ይታያል፣ ፉ ይላል። ክንፉን የሚዘረጋው መጨረሻ ላይ ነው። አንገቱ ሲወርድ መስመሩን እንዳለፍሽ ዕወቂ።

ጥበቃዋ፦ ያኔስ ምን ላድርግ?

አትክልተኛው፦ ጀርባሽን አትስጪው። ደረትሽም ዓይንሽም ወደሱ ይሁን። ቀስ ብለሽ ወደ ኋላ ወይም ወደ ጎን፣ እግርሽ የሚያርፍበትን እያወቅሽ፣ ከጎጆው እየራቅሽ ውጪ። አትጩኺ፣ ቦርሳ አትወርውሪ፣ በእግርሽም አትምቺው። ጃንጥላ ካለሽ ክፈቺና በመሃላችሁ ያዢው፤ ወፉ ከጃንጥላው ጋር ይፋጠጣል፣ አንቺ ከኋላው ሆነሽ ታልፊያለሽ። ከማርች እስከ ሜይ ትልቅ ጃንጥላ ከመኪናዬ አይጠፋም፤ ዝናብ ቢኖርም ባይኖርም።

ጥበቃዋ፦ ብሮጥስ? እሱ የሚፈልገው እንድሄድለት አይደል?

አትክልተኛው፦ እንድትሄጂለት ነው። ግን ስትሮጪ ማባረሩ እንደሠራለት ያያል፣ ይከተልሻል፤ መውደቁም የሚመጣው ያኔ ነው። ቀስ ብለሽ ስትለቂለት ይበርዳል።

ጥበቃዋ፦ ሌላም ያልገባኝ ነገር አለ። ጠዋት ጠዋት ማንም ሳይኖር የሎቢውን መስታወት ይደበድባል። ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጬ ምንቃሩ ጠቅ ጠቅ ሲል እሰማለሁ። እኔን አይቶ ነው ብዬ ፈርቼ ወንበሬን አዛወርኩ።

አትክልተኛው፦ አንቺን አያይም። ይሄ የጠቆረው መስታወት ቀን ከውጭ ሲያዩት መልክ ያሳያል። እሱ የሚያየው ሌላ አውራ ነው፤ ሲቆጣ የሚቆጣ፣ አንገቱን ሲያወርድ አንገቱን የሚያወርድ፣ ተሸንፎ የማይሄድ ባላጋራ። ሲፋለም ያረፈደ ወፍ ደግሞ ሰው ሲመጣበት ገና በቁጣው ላይ ነው። መስታወቱ በውጭ በኩል ከመሬት እስከ ወገብ ካርቶን ይለጠፍበት ወይም ሳሙና ይቀባ፤ ምስሉ ይጠፋል። ወጪ የለውም ማለት ይቻላል። ለምን እንደማይደረግ እስከ ዛሬ አይገባኝም።

ጥበቃዋ፦ እሺ፣ ግን ለምን እዚህ? ጫካ ሞልቷል፣ ፖቶማክ ወንዝ ቅርብ ነው። ሰው ከሚመላለስበት በር ላይ ምን አመጣት?

አትክልተኛው፦ ግቢውን በሷ ዓይን እዪው። ሣሩ አጭር፣ ለስላሳ፣ ማዳበሪያ የጠገበ ነው፤ ምግቧ እሱ ነው። ከሣሩ ቀጥሎ ኩሬ አለ፤ አደጋ ሲመጣ የምትገባበት። በመሃል አንድ ቁጥቋጦ የለም፤ ቀበሮ ቢመጣ ከሩቅ ይታያል። አዳኝ ጠመንጃ ይዞ አይገባም። የአበባ መትከያውም ከመሬት ከፍ ያለ፣ ጀርባው ግድግዳ፣ አፈሩ ልል ነው። ጫካ ውስጥ ይሄን ሁሉ አንድ ላይ ከየት ታገኘዋለች? የቢሮ ግቢ የሚሠራው ሰው ለዓይን ያምራል ብሎ ያዘጋጀው ነገር ሁሉ ለዝይ የተዘጋጀ ነው። የሰፈረችው ቦታው ስለጠራት ነው።

ጥበቃዋ፦ እኔ ግን የሚሰደዱ ወፎች ይመስሉኝ ነበር። የካናዳ ዝይ ይሏቸው የለ?

አትክልተኛው፦ የሚሰደዱም አሉ፤ ካናዳ ተፈልፍለው ክረምቱን በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ የሚያሳልፉ። እነዚያ ብርዱ ሲያልፍ ተነሥተው ይሄዳሉ። በር ላይ ያለችው ግን እዚሁ ተፈልፍላ እዚሁ የምትኖር ናት። ይሄ ታሪክ አለው። ድሮ አዳኞች በሕይወት ያሉ ዝይዎች ሐይቅ ዳር ያስሩ ነበር፤ በሰማይ የሚያልፈው መንጋ ድምፃቸውን ሰምቶ ሲወርድ ይተኩሱበታል። በ1935 እ.ኤ.አ. ይህ ተከለከለና የታሰሩት በየቦታው ተለቀቁ። ዝይ የስደትን መንገድ የሚማረው ከእናት ከአባቱ ጋር እየበረረ ነው፤ እነዚህ ደግሞ ሰው ግቢ ያደጉ፣ መንገዱን የሚያሳያቸው የሌላቸው ነበሩ። በተለቀቁበት ቀሩ።

ጥበቃዋ፦ ከነሱ ብቻ ነው ይሄ ሁሉ የተራባው?

አትክልተኛው፦ ሌላም አለ። ከካናዳ ዝይ ሁሉ ትልቁ ዘር በ1950ዎቹ ጨርሶ ጠፍቷል ተብሎ ነበር። በ1962 ሚኒሶታ ውስጥ፣ ሮቸስተር ከተማ፣ ሲልቨር ሌክ በሚባል ሐይቅ ላይ ተገኘ፤ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ውሃውን ስለሚያሞቀው ሐይቁ በክረምት አይጋገርም ነበር። ሲገኝ ትልቅ ደስታ ሆነ። ስቴቶቹ ዘሩን ለማብዛት ከቦታ ቦታ እያጓጓዙ ለቀቁት። በዚያው ዘመን ደግሞ እንዲህ ያለው ግቢ፣ የጎልፍ ሜዳውና የመናፈሻው ሣር በየቦታው ተስፋፋ። ዛሬ በምሥራቁ ጠረፍ ስቴቶች ብቻ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ነዋሪ ዝይዎች አሉ።

ጥበቃዋ፦ ሰው አምጥቷቸው፣ ሰው አላምዷቸው፣ አሁን ጠላት ተባሉ። አገር ቤት እንዲህ ያለ ጣጣ ሰምቼ አላውቅም።

አትክልተኛው፦ አገር ቤትማ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የማይገኝ ዝይ አለን፤ ክንፉ ላይ ሰማያዊ ቀለም ያለው። ገፈርሳ ግድብ ዳር፣ ሱሉልታ ሜዳ፣ ባሌ ተራሮች ላይ። አንገቱን ወደ ጀርባው ሰብስቦ ነው የሚራመደው። የሱ ችግር ተቃራኒው ነው፤ የሚኖርበት ረግረግ እየታረሰና እየተጋጠ ቦታ እያጣ ነው። ለሱ ማዘን ይገባናል፤ ይቺኛዋን ደግሞ ማወቅ።

ጥበቃዋ፦ የሕንፃው ኃላፊ ትናንት ምን አለኝ መሰልዎት? «በሕግ የተጠበቀች ናት፣ ማንም እንዳይነካት» አለና ሄደ። ሌላ ምንም የለም። ሕጉ ይሄው ነው?

አትክልተኛው፦ ግማሹን ነው የነገረሽ። የፍልሰተኛ ወፎች ሕግ የ1918 ነው፤ ስለ ካናዳ ሆና እንግሊዝ በ1916 ከአሜሪካ ጋር ከፈረመችው ውል የመጣ። ያለ ፈቃድ ወፏን መግደል፣ መያዝ፣ እንቁላሏን መንካት ወንጀል ነው። እሱ እውነት ነው። ያልነገረሽ፣ ከ2006 ወዲህ ለነዋሪዎቹ ዝይዎች የተለየ ደንብ መውጣቱን ነው። የቦታው ባለቤት በፌዴራሉ የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ዘንድ በየዓመቱ በኢንተርኔት ይመዘገባል። ከተመዘገበ ከማርች 1 እስከ ጁን 30 ድረስ በጎጆና በእንቁላል ላይ እርምጃ መውሰድ ይችላል፤ በኋላም ያደረገውን ያሳውቃል። ወፏን ራሷን ግን አይነካም። ስቴቱ የጨመረው ደንብ ካለ እሱንም ማየት ነው። እንቁላል ያልተጣለበት ጎጆ ሲሆን ደግሞ የፌዴራሉ ሕግ ያለ ምዝገባም ማንሣትን አይከለክልም። በፌብሩዋሪ መጨረሻ በየጠዋቱ ግቢውን ዞሮ የተጀመረውን ገለባ የሚያነሣ፣ መትከያውን በመረብ የሚሸፍን ሰው ቢመደብ ኖሮ ዛሬ አንቺ በጓሮ በር አትገቢም ነበር።

ጥበቃዋ፦ እሱን ሰው እኔን እንዳይሉኝ ነው የምፈራው።

አትክልተኛው፦ አንቺን ሊሉሽ አይገባም። አንቺ የተቀጠርሽው ለሰው በር ነው። የ1970ው የሥራ ደኅንነት ሕግ አሠሪ ሠራተኛውን ከታወቀ አደጋ እንዲጠብቅ ያስገድዳል። በር ላይ ሰው የሚያባርር ወፍ እንዳለ በጽሑፍ ካሳወቅሽ አደጋው ታውቋል። ለዚህ ነው የልጁን መውደቅ ከነቀኑና ከነሰዓቱ መዝግቢ የምልሽ። የእኛ ሰው ሥራዬን አጣለሁ ብሎ ጉልበቱን ይዞ ዝም ይላል። ያ ዝምታ ነው በጣም የሚያናድደኝ። ወድቆ አጥንቱ የተሰበረ ሠራተኛ «ወፍ አባሮኝ ነው» ማለት ያሳፍረዋል፤ ሲያፍር የሕክምና ካሣው ይቀርበታል። ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ጥበቃዋ፦ ቅድም እርምጃ ያሉት ምንድነው? እንቁላሉን መስበር?

አትክልተኛው፦ መስበር ጥቅም የለውም። ብትሰብሪው ወይም ብትወስጂው ሌላ ጎጆ ሠርታ እንደገና ልትጥል ትችላለች። የሚደረገው የበቆሎ ዘይት መቀባት ነው። ቅርፊቱ ዓይን የማያየው ቀዳዳ አለው፤ አየር የሚገባው በዚያ ነው። ዘይቱ ይደፍነዋል፣ ውስጡ ያለው ማደጉን ያቆማል። እናቲቱ አታውቅም፣ መታቀፏን ትቀጥላለች። ተስፋ ቆርጣ ስትነሣ እንደገና ለመጣል ወቅቱ አልፏል።

ጥበቃዋ፦ ኧረ ጋሼ! የማይፈለፈል እንቁላል አስታቅፎ መተው? ይሄ ግፍ ነው።

አትክልተኛው፦ ለዚህም ነው ጊዜ የተበጀለት። እንቁላሉ አንድ ባንድ ባልዲ ውሃ ውስጥ ይገባል። ታች ከተኛ ገና ነው። ከተንሳፈፈ ግን ውስጡ ያለው የአየር ቦታ ሰፍቷል፣ ጫጩቱ አድጓል፣ ከሁለት ሳምንት አልፏል ማለት ነው፤ ያኔ አይቀባም፣ ተጠርጎ ወደ ቦታው ይመለሳል። ይህን ሥርዓት የሚያስተምሩት ለእንስሳት የሚሟገቱ ማኅበራት ናቸው። ከነዚያ አንዱ፣ ጊስ ፒስ የሚባለው፣ የተጀመረው እዚሁ ፌርፋክስ ውስጥ፣ ባርክሮፍት ሐይቅ ዙሪያ ነው።

ጥበቃዋ፦ ጊዜ መለየቱ ለጫጩቱ ነው። ለእናቲቱስ? ሁለት ሳምንትም ሆነ ሦስት፣ እሷ የምትጠብቀው አለኝ ብላ ነው የምትተኛው። ማርች ውስጥ ሌሊት በረዶ የጣለ ጊዜ በካሜራው ሳያት ነበር። ጀርባዋ ነጭ እስኪሆን አልተነሣችም። ጠዋት ሰው መኪናውን ሲጠርግ እሷ ራሷን ብቻ ነው ያራገፈችው።

አትክልተኛው፦ ቀላል ነገር ነው አልልሽም። ግን የሚቀጥለውንም ስሚ። ጃንዋሪ 15 ቀን 2009 ከኒውዮርክ ላጋርዲያ የተነሣው የዩኤስ ኤርዌይስ በረራ 1549 የካናዳ ዝይ መንጋ ውስጥ ገባና ሁለቱም ሞተሮቹ ኃይል አጡ፤ አብራሪው ሀድሰን ወንዝ ላይ አሳረፈው፣ 155ቱም ሰው ተረፈ። ከሞተሩ የወጣውን ላባ እዚህ ዋሽንግተን ስሚዝሶኒያን መረመረው። ወፎቹ ከላብራዶር አካባቢ የመጡ ፍልሰተኞች ነበሩ። የተቀጡት ግን ነዋሪዎቹ ናቸው። ጁላይ 2010 ብሩክሊን፣ ፕሮስፔክት ፓርክ ውስጥ 400 የሚጠጉ ዝይዎች ላባቸውን ጥለው መብረር በማይችሉበት ሰሞን ተሰብስበው በጋዝ ተገደሉ። ያደጉ ወፎች፣ ከነልጆቻቸው። ከዚያ እኔ ዘይቱን እመርጣለሁ።

ጥበቃዋ፦ ምርጫው ሁለት ብቻ ነው ያለው ማነው?

አትክልተኛው፦ ሦስተኛ አለ፣ ከሁለቱም ይሻላል፤ እመጣበታለሁ። አስቀድመን ግን የዚህን በር ጉዳይ እንለየው። ዘይት የዘንድሮውን ጣጣ አይፈታም፤ እንዲያውም ያስረዝመዋል። የተቀባ እንቁላል ስለማይፈለፈል እናቲቱ ከቀኗ አልፋ ትተኛለች፣ አውራውም እዚያው ይቆማል። ከተፈለፈለ ግን በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ጫጩቶቹን አሰልፈው ወደ ኩሬው ይወርዳሉ፤ በሩ ነጻ ይሆናል። ዘይት ለሚቀጥሉት ዓመታት ቁጥር ነው። ሰው እነዚህን ሁለት ነገሮች ያምታታና ኤፕሪል ላይ ሲጨንቀው ይቀባል።

ጥበቃዋ፦ እንግዲያው ለዚህች ለአንዷ ትፈልፍል ነው የምንለው።

አትክልተኛው፦ ትፈልፍል። እስከዚያ ቦታውን ለሷ መልቀቅ ነው፤ ለጥቂት ሳምንት ነው። የምሥራቁ በር መግቢያነቱ ይቅር፤ መውጫነቱ ግን አይዘጋም፣ የእሳት አደጋ በር ስለሆነ ከውስጥ ሲገፋ መከፈት አለበት። የአካል ጉዳተኞቹ ፓርኪንግ በጊዜያዊነት ወደ ሰሜኑ በር ይዛወር፤ በዊልቼር ያለ ሰው ከወፍ ሊሸሽ አይችልም፣ ከሁሉ በፊት የሚታሰበው እሱ ነው። ኮንና ገመድ ይደረግ፤ አውራው የሚቆምበትን ምሰሶና ወደ ኩሬው የሚያወርደውን ሣር ጨምሮ። ምልክቱ ደግሞ በሩ ላይ አይለጠፍ። በሩ ላይ የደረሰ ሰው እኮ አልፎታል። መኪናው በሚቆምበት፣ ሰው መንገዱን በሚመርጥበት ቦታ ላይ ይቁም። ምግብ ለሚያደርሱት ልጆችም አድራሻው ላይ «በሰሜን በር» ተብሎ ይጻፍ፤ እነሱ ምልክት ለማንበብ ጊዜ የላቸውም።

ጥበቃዋ፦ ኃላፊው ስዋን የሚሏቸውን ነጫጭ ወፎች ገዝተን ኩሬው ላይ እናስቀምጥ፣ ዝይዎቹን ያባርራሉ ሲል ሰምቻለሁ።

አትክልተኛው፦ እንዳያደርገው! በ2012 ቺካጎ አቅራቢያ፣ በአንድ የመኖሪያ ግቢ ኩሬ ላይ፣ ለዚሁ ሥራ የተቀመጡትን ስዋኖች የሚንከባከብ ሠራተኛ ታንኳ ላይ ሳለ ስዋኑ መጣበት። ታንኳው ተገለበጠ፣ ሰውዬው ሰጠመ። እንዲህ ያለ ሐሳብ የሚያመጣው ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ነው፤ ውሃው ላይ የሚወርደው ግን ሠራተኛው ነው።

ጥበቃዋ፦ ውሻስ?

አትክልተኛው፦ የሠለጠነ ውሻ፣ ቦርደር ኮሊ የሚባለው፣ በጊዜው ከሆነ ጥሩ ነው። ወፉን ሳይነካ እየተመላለሰ ሰላም ይነሳዋል፤ ጥንዶቹም ቦታው አይሆነንም ብለው ይሄዳሉ። ግን ይህ የፌብሩዋሪና የማርች መጀመሪያ ሥራ ነው። ከታቀፈች በኋላ ውሻ ማስገባት ክልክልም ጭካኔም ነው፤ እሷም አትነሣም፣ አውራውም ይብስበታል። የፕላስቲክ ቀበሮ የሚተክሉም አሉ። ዝይ ቶሎ ይለምደዋል።

ጥበቃዋ፦ ሦስተኛ ያሉትን አልነገሩኝም።

አትክልተኛው፦ ሣሩ ነው። ሥሩ እሱ ነው፣ ልጄ። ከኩሬው ዳር ጀምሮ ሰፋ ያለ መቀነት አይታጨድ፤ የዚህ አገር ረዣዥም ሣርና አበባ፣ ሰው ወገብ የሚደርስ ቁጥቋጦ ይተከልበት። ዝይ ከውሃ ወጥቶ ወደ ሣር በእግሩ መሄድ ነው የሚወደው፤ በተለይ ጫጩት ይዞ። ማየት የማይችለው ነገር ውስጥ አይገባም፣ ቀበሮ አለ ብሎ ይፈራል። መንገዱ ሲዘጋበት ቦታውን ይተወዋል። ማጨዱም ይቀንሳል፣ ከሣሩ ወደ ኩሬው የሚታጠበው ማዳበሪያም ይጣራል። ይሄን ሐሳብ ሳቀርብ የሚመልሱልኝ «ያልተያዘ ግቢ ይመስላል» ነው። ለመልኩ ሲሉ በየዓመቱ ይህን ሁሉ ይሸከማሉ፤ እነሱ ሳይሆኑ አንቺና ያ ልጅ ትሸከሙላቸዋላችሁ።

ጥበቃዋ፦ ዳቦ የሚወረውሩላቸውስ? ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ሴትዮ በየምሳ ሰዓቱ ይወርዳሉ።

አትክልተኛው፦ ደግ ናቸው፣ ግን በትሕትና ይነገራቸው። ዳቦ ለዝይ ምግብ አይደለም፤ ከዚያም በላይ ወፉ ሰውን እንዳይፈራ ያደርገዋል። ሰውን የማይፈራ አውራ ነው በበሩ ላይ የሚቆመው። ደግሞ የምትወለደው ሴት ዝይ ጎልምሳ ጎጆ የምትሠራው መብረር በተማረችበት አካባቢ ነው። ዘንድሮ እዚህ የምታድገው ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ እዚሁ ጎጆ ፍለጋ ትመጣለች። ስለዚህ የዛሬው ዳቦ ለዛሬ ብቻ አይደለም።

ጥበቃዋ፦ ከተፈለፈሉ በኋላስ ጨርሶ ያበቃል?

አትክልተኛው፦ በበሩ ላይ ያበቃል፤ ግቢው ውስጥ ግን ይቀጥላል። ጫጩቶቹ እስኪበሩ ሁለት ወር ከምናምን ይፈጃል። በዚያ ላይ ጁንና ጁላይ ውስጥ ወላጆቹም የክንፋቸውን ላባ ጥለው ለሳምንታት አይበሩም። መንገዱን በእግር ነው የሚያቋርጡት። መኪና የሚያስገባው ፓርኪንግ ላይ የሚሠራ ልጅ ይህን አስቀድሞ ይወቅ፤ ጥድፊያ ላይ ያለ አሽከርካሪ ከኋላው ሲገጭ የሚጠየቀው እሱ እንዳይሆን።

ጥበቃዋ፦ እንግዲህ የምጽፈው ይሄ ነው፤ የልጁ መውደቅ፣ የሰሜኑ በር፣ የፓርኪንጉ ዝውውር፣ የመስታወቱ ካርቶን፣ ምልክቱ። ከዚያ ደግሞ ለሚመጣው ዓመት የፌብሩዋሪው ዙረት ለማን እንደሚሰጥ። ዘይቱን ግን አልጽፍም። አልተቀበልኩትም።

አትክልተኛው፦ አትቀበዪው። ሣሩን ከፈቀዱልኝ እኔም አልፈልገውም። ካልፈቀዱልኝ ግን ቁጥሩ ይጨምራል፣ አንድ ቀን ደግሞ መኪና ይዘው የሚሰበስቡ ሰዎች ይመጣሉ፤ ያኔ ሁለታችንም የምንለው አይኖርም። ስለዚህ ኩሬው ዳር የሚተከለውንም ከጻፍሽው ውስጥ አስገቢልኝ። መትከሉ ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ነው፤ ገንዘቡ ግን በበጋው መጠየቅ አለበት። ኃላፊው ስንት ሰዓት ነው የሚገባው?

ጥበቃዋ፦ ሦስት ሰዓት ላይ። እርስዎም ይምጡና አብረን እናናግረው፤ እኔ የበሩን እነግረዋለሁ፣ እርስዎ የሣሩን።

አትክልተኛው፦ እመጣለሁ። እስከዚያ ኮኖቹን ከመጋዘን ላውጣ።